ከጂዳ የመጣው የሸክላ ማጫወቻ



ቁርኣን በጽሑፍ ብቻ እንዳልደረሰን ሁላችንም እናውቃለን። ከመምህር አንደበት ወደ ተማሪ ጆሮ፣ ከተማሪውም ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው እኛ ዘንድ የመጣው። በልጅነቱ ሉሕ ይዞ ኡስታዝ ፊት የተቀመጠ ሰው ይህን ለማወቅ ኪታብ መግለጥ አያሻውም፤ «አይደለም፣ እንደገና!» የተባለውን ማስታወስ ይበቃዋል። ድምፅ በመሣሪያ መቀረጽ ከተጀመረ ወዲህ ግን በዚህ ቅብብሎሽ መካከል አንድ አዲስ ዕቃ ገብቷል። ኤዲሰን ፎኖግራፉን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1899፣ በባታቪያ (በዛሬዋ ጃካርታ) ሰይድ ዑስማን የተባሉት ዓሊም ቁርኣንን ከዚህ መሣሪያ ስለማድመጥ ጽፈው ነበር። በ1906 ደግሞ ኋላ የግብፅ ሙፍቲ የሆኑት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽሑፍ አወጡ። ብዙዎቹ አያቶቻችን መሣሪያውን በዓይናቸው ከማየታቸው በፊት ዑለሞቹ ሑክሙን ይመረምሩ ነበር ማለት ነው።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን በካይሮ ነው። ለቢብ አስ-ሰዒድ የተባሉ ግብፃዊ፣ ቁርኣን በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን በጽሑፍ እንደተሰበሰበ ሁሉ በድምፅም ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1959 አቀረቡ። ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ (1917-1980) ሙሉውን ቁርኣን በሐፍስ ሪዋያ፣ በተርቲል ቀርተው አስቀረጹ፤ በ1961ም በሸክላ ታትሞ ወጣ። በመጋቢት 1964 የካይሮ የቁርኣን ሬዲዮ ሲከፈት ያሰማ የነበረው የእርሳቸውን ቂራኣት ነው። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ተጅዊዱን በእኒህ ሰው ድምፅ ያቀና ስንት ሙስሊም እንዳለ አላህ ይወቀው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከእነዚያ ሸክላዎች ጥቂቱ፣ ማጫወቻቸውና በደምቢያ ቆላ ድባ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ዐረብኛውንም አማርኛውንም አያነቡም። ከባለቤታቸው ጋር (አላህ ይዘንላቸው) ብዙ ዘመን በጂዳ ኖረዋል። ባለቤታቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ማጫወቻውን ገዙ፤ ከዚያም የሸይኽ አል-ሑሰሪን ሸክላ እየለቀሙ ሃያ ያህል አደረሱ። አክስቴ ያሲንን፣ መርየምን፣ አር-ረሕማንንና ሌሎችንም ብዙ ሱራዎች የያዙት ወጥ ቤት ሆነው ከዚያ ማጫወቻ እየሰሙ ነው። እስካሁንም ሲቀሩ ሸክላው የሚገለበጥበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ለአንድ አፍታ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ትንፋሽ የሚወስዱ መስሎኝ ነበር።

ባለቤታቸው ሲሞቱ እርሳቸው ወደ ቆላ ድባ ተመለሱ፤ ዕቃው ከልጃቸው ዘንድ ጂዳ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሳዑዲ በእያንዳንዱ ጥገኛ ቤተሰብ ላይ በየወሩ 100 ሪያል መከፈል ሲጀምር፣ ኑሮ የከበደው ልጃቸው እንደ ብዙዎቹ ሁሉ ሚስትና ልጆቹን ወደ አገር ላከ፤ የቤቱን ዕቃም ጠቅልሎ ለአንድ ጭነት አስተላላፊ ሰጠ። ማጫወቻው በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ በመኪና ጎንደር፣ ከጎንደርም በአዘዞ በኩል ቆላ ድባ ገባ። እስከዚያ ድረስ የአክስቴ ዓይን ደክሞ ነበር። ብርሃንና ጥላን ይለያሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያዩት የለም።

ማጫወቻው የቶረንስ ፋብሪካ ሥራ ነው። ይህ የስዊስ ፋብሪካ በ1883 የተመሠረተ ሲሆን፣ ቲዲ 150 የተባለውን የእኛን ዓይነት ለገበያ ያወጣው በ1965 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ብልሃት ግን አለው። ሸክላው የሚቀመጥበት ከሦስት ኪሎ በላይ የሚመዝን የብረት ሰሐንና መርፌውን የሚሸከመው ክንድ አንድ ላይ ሆነው በሦስት ሞላዎች ላይ ይንሳፈፋሉ። ሞተሩ ግን ለብቻው ከላይኛው ቆርቆሮ ጋር ታስሯል፤ ሰሐኑን የሚያዞረው በቀጭን የጎማ ቺንጋ ነው። ስለዚህ የሞተሩ ንዝረት ከመርፌው ዘንድ አይደርስም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ለመንገድ ሲሰናዳ ከባዱ ሰሐን ወጥቶ ለብቻው ይጠቀለላል፤ ተንሳፋፊው ክፍል በብሎን ይታሰራል፤ ክንዱም ከማረፊያው ጋር በክር ይጠፈራል። ዕቃውን ያሸጉት ሰዎች ከሦስቱ አንዱንም አላደረጉም። ሰሐኑ ከጂዳ እስከ ቆላ ድባ በሣጥኑ ውስጥ ሲዘል መጥቷል። አንዱ ሞላ ተጣሟል፤ መርፌው ከሥሩ ተሰብሯል፤ ክንዱን ቀስ አድርጎ የሚያነሣና የሚያወርደው ማንሻ ወልቋል፤ የእንጨቱ ሣጥን በአንድ ማዕዘኑ ተከፍቷል፤ ክዳኑም ተሰንጥቋል። የሚገርመው ሸክላዎቹ አንድም አልተሰበሩም። የጥንቶቹ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ሸክላዎች ሼላክ ከሚባል ሙጫ ስለሚሠሩ እንደ ስማቸው እንደ ሸክላ ይከሰከሱ ነበር፤ የአክስቴ ግን ከቪኒል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ብቻ በሙቀት ተጣመዋል።

በቆላ ድባ ዕቃውን ያየ ሁሉ «ዘፈን ነው እንዴ?» ይል ነበር። ሰው አይፈረድበትም። በአገራችን ሸክላ ሲባል ትዝ የሚለው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የሸክላ አሳታሚ፣ ከእርሱም ቀጥሎ የአሊ አብደላ ካይፋ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ስማቸው ከዘፈን ጋር ነው የሚነሣ። ሸክላው በካሴት ከተተካ በኋላ የተወለደው ወጣት ደግሞ ጭራሹን አያውቀውም። አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ ይህ ሁሉ ለምን? አል-ሑሰሪ በሚሞሪ ካርድ ሙሉው አለልዎት» አላቸው። እውነቱን ነው፤ አለ። አክስቴ የመለሱለት ግን እኔ ያላሰብኩትን ነው። «ስልኩ ለስላሳ መስተዋት ነው፤ ጣቴ የሚይዘው ነገር የለውም። ቁርኣን በሰማሁ ቁጥር ልጅ ልለምን?» አሉት።

ነገሩ ይኸው ነበር። ክንዱን በጣታቸው ዳብሰው ያነሡታል፤ የሸክላውን ጠርዝ ይዳስሳሉ፤ ያወርዱታል። ማንንም አይጠሩም። ከዚህም ሌላ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ማንበብ የማይችሉ የሰፈር ሴቶች ቤታቸው እየመጡ ሱራ ይይዛሉ። አንድ አያ ሲከብዳቸው አክስቴ ክንዱን አንሥተው ወደ ኋላ መልሰው ያስደግማሉ። ስለዚህ ከመርፌው ይልቅ የባሰው ጉዳት የማንሻው መውለቅ ነበር፤ ያለ ማንሻ እጃቸው ሸክላውን ይፍቀዋል።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ዕቃውን በአክብሮት ተቀበለኝ። የተጣመመውን ሞላ በልኩ በሌላ ተካው፤ ማንሻውን ፈትቶ አጸዳው፤ የተበጠሰውን ሽቦ በየደው። አዲሱ መርፌ ከዱባይ በሰው መጣ። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት 2 ግራም ያህል መሆን አለበት፤ ቢበዛ ሸክላውን ይበላል፣ ቢያንስ ከመስመሩ ይዘልላል። ይህን የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረን ክንዱን ይዘን ወደ አንድ የወርቅ ነጋዴ ሄድን፤ በወርቅ ሚዛኑ ላይ መርፌውን አሳርፈን የኋላውን ክብደት እያዞርን አስተካከልን። ነጋዴው ሒሳብ አልጠየቀንም፤ ቁርኣን የሚቀራበት ነው ስንለው ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ጠርጎ ነው ያቀረበልን።

ሞተሩ ጀርባው ላይ «117 ቮልት» ይላል። የእኛ 220 ስለሆነ ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ገዛን። ቺንጋው በዕድሜው ላልቶ ስለነበር ጠጋኙ ከመኪና ካላማዳሪያ ቀለበት ቆርጦ ለጊዜው አሠራልን። ዕቃውን ይዤ ቆላ ድባ ገባሁ፤ ሰካነው፤ ሰሐኑ ዞረ፤ ድምፅ ወጣ። ቤት ያለው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

አክስቴ ጥቂት አዳመጡና «እሳቸው አይደሉም» አሉ።

ድምፁ ይወዛወዝ ነበር፤ ይህስ ግልጽ ነው። ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ውፍረቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ ወፍራሙ በሞተሩ መዘውር ላይ ባለፈ ቁጥር ሰሐኑ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ለዚህ ደግሞ እንደ ቂራኣት ያለ ጨካኝ ፈታኝ የለም፤ ስድስት ሐረካ የሚሳብ መድ ላይ ትንሿ መንቀጥቀጥ ሁሉ ትጋለጣለች። ትክክለኛው ቺንጋ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። መወዛወዙ ጠፋ። አክስቴ ግን አሁንም «እሳቸው አይደሉም» አሉ።

ኡስታዙን ጠራናቸው። አንድ ፊት ሙሉ በጥሞና አደመጡ። «እማማ፣ እኔ ስሕተት አላገኘሁበትም። መዱም፣ ጉንናውም፣ ወቅፉም በሥርዓቱ ነው» አሉ። አክስቴም «ኡስታዝ፣ ቂራኣቱ ልክ ነው። ሰውየው ግን ሌላ ነው» ብለው መለሱላቸው። በቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። ዕድሜ ነው፣ ዓይናቸውም እንዲህ ሆኗል፣ ጆሯቸውም ደክሞ ይሆናል ተባለ። እርሳቸው ይህን እንደሚሰሙ ማንም ያሰበ አልመሰለኝም።

ነገሩን የፈታው አሥረኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጃቸው ነው። በስልኩ ላይ ያለውን ያንኑ ሱራ ከሸክላው ጋር እኩል አስጀመረው። ጥቂት አያዎች ሳይሄዱ ስልኩ ቀደመ። ድምፁም ከሸክላው ይልቅ ቀጠን ያለ ነበር። አክስቴ ወደ ስልኩ ዞረው «ያውላችሁ! እሳቸው እነዚያ ናቸው» አሉ።

ትራንስፎርመር ቮልትን ይቀይራል፤ የኤሌክትሪኩን ዑደት ግን አይቀይርም። በሳዑዲ ዐረቢያ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ በኢትዮጵያ 50 ጊዜ። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከዑደቱ ነው፤ በ60 ዑደት በደቂቃ 450 ጊዜ ይዞራል፣ በ50 ዑደት 375 ጊዜ ብቻ። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ በቆላ ድባ 28 ጊዜ እንኳን አይሞላም ነበር። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው ገጽ ሃያ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ይወፍራል።

ኡስታዙም ትክክል ነበሩ። ሁሉም ነገር በእኩል መጠን ስለሚዘገይ ሁለት ሐረካውና ስድስት ሐረካው እርስ በርሳቸው ያላቸው ሚዛን አይዛባም፤ ሕጉን የሚመረምር ጆሮ የሚይዘው ጥፋት የለም። የቀሪውን ማንነት የሚያውቅ ጆሮ ግን ወዲያው ያውቃል። ኡስታዙ ይህን ስነግራቸው ስቀው «እኔ ተጅዊዱን አዳመጥኩ፣ እርሳቸው ሰውየውን» አሉ። በማግስቱም አክስቴ ዘንድ ሄደው ዐፍው ጠየቁ።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንዱ 60 ዑደት የሚያወጣ ኢንቨርተር መግዛት ነው፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም፤ ደግሞም ኢንቨርተሩ የተበላሸ ዕለት ማጫወቻው ዝም ይላል። ሁለተኛው ቺንጋውን የሚያዞረውን መዘውር ማወፈር ነው። ሞተሩ በዘገየበት ልክ መዘውሩ ቢወፍር ሰሐኑ ፍጥነቱን ያገኛል፤ 60ን ለ50 ሲያካፍሉት 1.2 ይሆናል። ጎንደር ወደሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድን። ሙያተኛው አሮጌውን መዘውር በካሊፐር ለክቶ፣ ሒሳቤን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ቺንጋው ራሱ ውፍረት አለው እኮ፤ በ1.2 ብቻ ካበዛኸው ትንሽ ይጎድላል» አለኝ። ከነሐስ ሆን ብሎ ወፈር አድርጎ ቀረጸው፤ ከዚያ እያስሞከረ እንደ ፀጉር እንደ ፀጉር ይቀንስለት ጀመር። መሐሉን ሆዱ ጎበጥ ያለ አድርጎ ነው የሠራው፤ እንዲህ ሲሆን ቺንጋው ወደ መሐል ራሱን ይስባል እንጂ አይወርድም።

ለመሞከሪያው የልጅ ልጃቸው በወረቀት ላይ ክብ ሠርቶ በፕሮትራክተር በየሁለት ዲግሪው አንድ መስመር፣ በድምሩ 180 መስመር አስምሮ ነበር። በ50 ዑደት የሚሠራ የቱቦ መብራት በሴኮንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ይላል። ሰሐኑ በልኩ ሲዞር በየብልጭታው አንዱ መስመር የሌላውን ቦታ ስለሚይዝ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ፤ ሲፈጥን ወደ ፊት፣ ሲዘገይ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ቶርኖ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። መስመሮቹ ሲቆሙ አንዱ «ማሻ አላህ» ሲል ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ይህ መለኪያ ግን አንድ ጉድለት አለው። መብራቱም ሞተሩም ከአንድ መስመር ስለሚመገቡ፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ከ50 ዝቅ ቢል ሁለቱም አብረው ይዘገያሉ፤ መስመሮቹ የቆሙ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ቤት ስንደርስ በሌላ መንገድ ለካነው። 33 ከሲሶ በሦስት ደቂቃ ሲባዛ ልክ መቶ ነው። ሰሐኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍን፤ ልጁ ባለፈ ቁጥር «አለፈ» ይላል፤ አክስቴ ሙሰብሓቸውን አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። 99ኙ ፍሬ አልቆ ራሱ ላይ ሲደርሱ መቶ ሞላ። 180 ሴኮንድ። ምሽት ላይ መብራቱ ሲደክም አንድ ሴኮንድ ያህል ይጨምራል፤ ኋላ ለቤቱ በተገባው የፀሐይ ኢንቨርተር ሲሆን ግን አንዲትም አይዛነፍም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ማሻሻል ለእጃቸው የሚሆነው ነበር። አናጢው የተከፈተውን ማዕዘን በኮላ አጣብቆ ከወገቡ በዋንዛ እንጨት ሲያጠናክረው፣ ከሰሐኑ ፊት ለፊት አንዲት ቀጭን ጠፍር እንዲያኖር ጠየቅነው። በዚያች ጠፍር ላይ አክስቴ ራሳቸው እየነገሩን የክር ቋጠሮዎች አሰርን፤ ክንዱ በየትኛው ቋጠሮ አቅጣጫ ሲሆን የሸክላው መጀመሪያ፣ በየትኛው ሲሆን መሐሉ፣ በየትኛው ሲሆን መጨረሻው እንደሆነ በጣታቸው ያውቁታል። ማንሻው ከክንዱ ጋር ቀስ ብሎ እንዲወርድ ወፈር ያለ ዘይት አገኘ። የእያንዳንዱ ሸክላ ሽፋን ጥግም የሱራውን መለያ የሚናገር ቁጥር ያለው ቋጠሮ ተሰፋበት። ማጫወቻው የሰው እግር ወለሉን ሲመታ እንዳይዘል ከግድግዳው በወጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ከተጣመሙት ሁለት ሸክላዎች አንዱ በሁለት መስተዋት መካከል ተጭኖ ሰነባብቶ ተቃናልን። ሌላው እስካሁን አንድ ቦታ ላይ መርፌውን ያነጥራል፤ በዚያ ሸክላ ያለውን ሱራ ሴቶቹ ከኡስታዙ እንዲይዙት አክስቴ ወስነዋል። ክዳኑ ስንጥቁን እንደያዘ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስሄድ በሩ ክፍት ነበር፤ ሰባት ያህል ሴቶች መርየምን ይዘዋል። ሸክላው የሚገለበጥበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ዝም አሉ፤ አክስቴም በጣታቸው ቋጠሮውን ፈልገው ክንዱን አነሡ።